ወንበር የሌለው ሰው፤ በሚና ጨዋታ ውስጥ ተጫዋች አልባ ገጸ ባሕርይን ስለ መፍጠር




በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ መስኖ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢነገር የሚደነቅ የለም። ዘንዶና ጠንቋይ ስለሚገኙበት ጨዋታ መናገር ግን አስቀድሞ ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልገዋል። ምክንያቱም የሚከተለው ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ሰው ሌላ ሰውን ከምንም ተነሥቶ ይሠራል፤ ሠርቶም በጓደኞቹ ፊት ያቆመዋል። ጓደኞቹም ይገፉታል፣ ይጠይቁታል፣ ያታልሉታል፣ ያስፈራሩታል። የተሠራው ሰው ይህን ሁሉ ችሎ ይቆማል፤ ወይም ይወድቃል። በሚወድቅበት ጊዜም ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከንድፉ እንጂ ከዕድል አይደለም። ስለዚህ ነገሩ ከመሐንዲስ ሥራ የራቀ መስሎ ቢታይም የሚነሣው ጥያቄ ለሙያው እንግዳ አይደለም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅ።

ጨዋታው ምን እንደ ሆነ

የሚና ጨዋታ የሚባለው አራት ወይም አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ልብ ወለድ ሰው ይይዛል፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ አስማተኛ፣ ሌላው ሌባ ወይም ካህን ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ግን አጫዋች ሆኖ ይቀመጣል። ዓለሙን የሚዘረጋው፣ መንገዱን፣ ጫካውን፣ ከተማውንና ዋሻውን የሚገልጸው እርሱ ነው። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን በቃላቸው ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። በመጨረሻ አሸናፊና ተሸናፊ ተብሎ የሚለይ የለም፤ የሚቀረው አብረው የሠሩት ታሪክ ነው።

በገበጣ ጨዋታ ጠጠሩ ወደ ቀጣዩ ጉድጓድ አልገባም ብሎ አያምፅም። በሰንጠረዥም ፈረሱ ወዴት እንደሚወሰድ ጌታውን አይጠይቅም። በሚና ጨዋታ ግን በዓለሙ ውስጥ የሚገኘው ሁሉ ፈቃድ ያለው ፍጡር ነው። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ የበሩ ዘበኛ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ የንጉሡ መልእክተኛ፣ የጠላት ጦር አለቃ፣ እነዚህ ሁሉ ይናገራሉ፣ ይስማማሉ፣ እምቢ ይላሉ። ይሁን እንጂ በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር የላቸውም። ስለ እያንዳንዳቸው ብቻ የሚያስብ፣ መብታቸውን የሚከራከርላቸው ተጫዋች አልተመደበላቸውም፤ ሁሉንም የሚናገርላቸው አጫዋቹ ነው። በጨዋታው መጻሕፍት «ተጫዋች አልባ ገጸ ባሕርይ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ የዚህ ንግግር ርእስም እነርሱ ናቸው።

አመጣጡ

የአጫዋቹ ቦታ የተገኘው ከጦር ትምህርት ነው። በ1824 የፕሩሲያ መኰንን የነበረው ጌኦርግ ፎን ራይስቪትዝ አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ ለሠራዊቱ አቀረበ። ሁለቱ ወገኖች በካርታ ላይ ይዋጋሉ፤ በመካከላቸው ዳኛ ይቀመጣል። ተፋላሚዎቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ እርሱም ጉዳቱን በዳይስና በሠንጠረዥ ያሰላል። ከጊዜ በኋላ ደንቡ ስለ በዛና ስለ ከበደ በ1876 ዩልየስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የሚባለው መኰንን ሠንጠረዡ ቀርቶ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ዕውቀት ይፍረድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ምን ያህሉ ለሠንጠረዥ፣ ምን ያህሉ ለሰው ፍርድ ይተው የሚለው ክርክር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከጨዋታው ጋር አለ።

በ1969 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ሰው ብራውንስታይን በተባለች ልብ ወለድ የጀርመን ከተማ ላይ አንድ ጨዋታ አዘጋጀ። ዘመኑ የናፖሌዎን ዘመን ነበር። ዌስሊ ለጓደኞቹ የሰጣቸው ጦር ብቻ አልነበረም፤ አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን የባንክ ባለቤት፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ ኀላፊ አደረጋቸው። ተጫዋቾቹም ጦርነቱን ትተው እርስ በርሳቸው ይመካከሩ፣ ይሸራረቡና ይጣሉ ጀመር። ዌስሊ ጨዋታው ከሸፈ ብሎ አዘነ፤ ጓደኞቹ ግን እንዲደገምላቸው ጠየቁት። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወደ ተረት ዓለም ወስዶ ብላክሙር የተባለችውን አገር ፈጠረ። በ1974ም አርነሰንና የዊስኮንሲኑ ጌሪ ጋይጋክስ በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት የተዘጋጀውን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አወጡ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር።

በብራውንስታይን ለዋናዎቹ ሰዎች እያንዳንዳቸው ተጫዋች ነበራቸው። በአዲሱ ዓለም ግን የሰዎቹ ቊጥር ከወንበሮቹ እጅግ በለጠ። ስለዚህ የ1974ቱ መጽሐፍ ተጫዋች አልባ ስለሆኑት ሰዎች ደንብ ማውጣት ነበረበት። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ደንብ በመጀመሪያ የተሠራው ስለ ቅጥር መሆኑ ነው። ጀብደኞቹ ወደ አደጋ ሲሄዱ ረዳት ይቀጥራሉ፤ የሚቀጠረው ሰው ደግሞ ደመወዙንና አደጋውን መዝኖ እምቢ ሊል ይችላል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋች አልባው ሰው የተወለደው ዘንዶ ወይም ንጉሥ ሆኖ ሳይሆን እሺ ወይም እምቢ ለማለት የሚችል ቅጥር ሠራተኛ ሆኖ ነው ለማለት ይቻላል።

ሠንጠረዡ የሚናገረውና የማይናገረው

መልሱ የሚወሰነው ስድስት ገጽ ያላቸውን ሁለት ዳይሶች በመጣል ነበር። ድምሩ 2 ከሆነ ሰውየው ቀጣሪውን ሊመታ ይነሣል፤ ከ3 እስከ 5 ከሆነ በጥላቻ ይመልሰዋል፤ ከ6 እስከ 8 ከሆነ ያመነታል፤ ከ9 እስከ 11 ከሆነ ይቀበላል፤ 12 ከሆነ በደስታ ይከተለዋል። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው። ከእነዚህም መካከል ወደ ሁለቱ ጫፎች የሚያደርሱት አንድ አንድ ብቻ ናቸው፤ ለጥላቻና ለስምምነት ዘጠኝ ዘጠኝ ይደርሳቸዋል፤ የቀሩት 16ቱ፣ ይኸውም 44 በመቶ ያህሉ፣ ማመንታት ናቸው።

ይህ አከፋፈል በሚገባ ሊመረመር የሚገባው ነው። ሠንጠረዡ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚሰጠው መልስ «አልታወቀም» የሚል ነው። ያመነታ ሰው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ዳይሱ አይናገርም፤ ነገሩን መልሶ ለአጫዋቹ ያስረክባል። አጫዋቹም ሰውየው የሚያመነታበትን ምክንያት ካላወቀ የሚለው ያጣል። ዳይሱ የስሜቱን መጠን ይሰፍራል እንጂ ምክንያቱን አያውቅም።

ሆኖም ደንብ ስለ ሰው ምንም አይናገርም ማለት አይደለም። በ1981 ቶም ሞልድቬይ ባዘጋጀው የጀማሪዎች መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ፍጡር ከ2 እስከ 12 የሚደርስ የወኔ ቊጥር ተሰጥቶታል። ውጊያው ሲከፋ ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ ከወኔው ቊጥር ከበለጠ ፍጡሩ ይሸሻል ወይም እጁን ይሰጣል። ጎብሊን የሚባሉት ድንክ ጭራቆች ወኔያቸው 7 ነው፤ ንጉሣቸው በሕይወት ሳለ አብሯቸው ሲሆን ግን 9 ይሆናል። ይህ ሲሰላ፣ ያለ ንጉሣቸው ጸንተው የመቆም ዕድላቸው ከ36 ውስጥ 21፣ ማለት 58 በመቶ ሲሆን፣ ንጉሣቸው ባለበት ከ36 ውስጥ 30፣ ማለት 83 በመቶ ነው።

የአንድ ሰው በመካከል መገኘት 25 ነጥብ ያህል ለውጥ አመጣ። ስለ ጎብሊኖች የፀጉር ቀለም፣ ስለ ዘራቸውና ስለ ቋንቋቸው ብዙ ገጽ ቢጻፍ ይህች አንዲት መስመር የተናገረችውን ያህል አይናገርም። ማንን እንደሚወዱ፣ በማን እንደሚመኩ፣ ያ ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚሆኑ ታስረዳለች። ተጫዋቾቹም ይህን በተረዱ ጊዜ ውጊያው መልኩን ይለውጣል፤ ጭፍራውን ትተው ንጉሡን ይፈልጋሉ።

የባሕርይ ክምርና የታሪክ ክምር

ተጫዋች አልባ ሰው የሚሠሩ ጀማሪዎች በሁለት መንገድ ይሳሳታሉ።

የመጀመሪያው ባሕርይን መከመር ነው። ጋይጋክስ በ1979 ባወጣው የአጫዋቾች መምሪያ ውስጥ የሰውን መልክ፣ ጠባይ፣ ሐቀኝነት፣ ድፍረት፣ ቈጣቢነትና የመሳሰለውን በዳይስ የሚያስገኙ ሠንጠረዦች አሉ። በችኮላ ጊዜ ይጠቅማሉ። ነገር ግን ዳይሱ «ደፋር፣ ስስታም፣ ሳቂታ» የሚል ቢሰጥ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደ ተያያዙ አይናገርም። የጡብ ክምር ቤት እንዳልሆነ የባሕርይ ክምርም ሰው አይደለም።

ሁለተኛው ታሪክን መከመር ነው። አጫዋቹ ከጨዋታው በፊት ባሉት ሌሊቶች ተቀምጦ የዘበኛውን አያት፣ የልጅነቱን በሽታና የመጀመሪያ ፍቅሩን ይጽፋል። ተጫዋቾቹ ግን ዘበኛውን የሚጠይቁት «በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል?» ብለው ብቻ ሊሆን ይችላል። ከተጻፈው ሁሉ አንዱም ጠረጴዛው ላይ አይደርስም፤ አጫዋቹም የደከመበትን ለማሰማት ሲል ዘበኛውን ያለ ጊዜው ያስለፈልፈዋል።

ምን ያህል መጻፍ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ የጋይጋክስ ሥራዎች ራሳቸው የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። በ1979 የወጡት ሁለት መጽሐፎች ለዚህ ምስክር ናቸው። «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» በሚባለው ውስጥ የምሽጉ ነዋሪዎች በሥራቸው ብቻ ይታወቃሉ፤ የዘቡ አለቃ፣ ባንኬሩ፣ አንጥረኛው እየተባሉ ይጠራሉ እንጂ የግል ስም የላቸውም። «ዘ ቪሌጅ ኦፍ ሆምሌት» በሚባለው ውስጥ ደግሞ መንደርተኛው በየቤቱ ተዘርዝሯል። የመጀመሪያው ሥራውን ለአጫዋቹ ትቶለታል፤ ሁለተኛው ራሱ ሠርቶ ሊጨርስለት ሞክሯል። በ2014 የወጣው የአጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ ይዞ ሙያውንና ያለፈ ሕይወቱን፣ መልኩን፣ ችሎታውን፣ ተሰጥዎውን፣ ልማዱን፣ ከሰው ጋር ያለውን አኳኋን፣ የሚያውቀውን፣ የሚያምንበትን፣ የተሳሰረበትንና ጉድለቱን ወይም ምስጢሩን በአጭር በአጭሩ መጻፍን ይመክራል።

ዝርዝሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከየት መጀመር እንደሚገባ አይናገርም። መሐንዲስ ድልድይን ሲነድፍ የሚጀምረው ከአጥሩ ቀለም አይደለም፤ ከሚሸከመው ጭነት ነው። ተጫዋች አልባውም ሰው እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ተጫዋቾቹ ወደዚህ ሰው የሚመጡት ምን ፈልገው ነው?» የሚለው ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል? ምን ያውቃል? እስከ ምን ድረስ ይችላል?

አንድ ሰው ሲሠራ

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ተጫዋቾቹ በረኀብ ለተያዘች ከተማ እህል የጫነ ጋሪ ይዘው ከወንዝ ዳር ይደርሳሉ። ወንዙ ሞልቷል፤ መሻገሪያው አንድ አሮጌ የእንጨት ድልድይ ነው። በድልድዩ አፍ ኬላ አለ፤ በኬላው ላይ አንድ ጠባቂ ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ንድፍ እንዲህ ነበር እንበል፤ «ሽማግሌ፣ ቊጡ፣ አንድ ዓይና፣ ገንዘብ ወዳድ።» ተጫዋቾቹ ይመጣሉ፤ አሥር ብር ይጠይቃቸዋል፤ ይከራከራሉ፤ ይከፍላሉ፤ ያልፋሉ። በማግስቱ ስለዚህ ሰው የሚያስታውስ የለም፤ ሳንቲም ሲገባበት የሚከፈት በርም የእርሱን ሥራ ይሠራ ነበር።

አሁን ንድፉ ከጭነቱ ይጀምር። የሚመጣበት ጭነት «ጋሪያችንን አሳልፈን» የሚል ጥያቄ ነው። እንግዲህ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚቸገር ሰው ማን ነው?

ጠባቂው ድልድዩን 22 ዓመት ጠብቋል። ከመካከሉ በታች ያለው አንዱ አግዳሚ እንጨት መበስበሱን ያውቃል፤ ያወቀውም በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ ጋሪ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ተለውጧል። ይሁን እንጂ ካቻምና የአገረ ገዢው ምስለኔ መጥቶ ድልድዩ ደኅና ነው የሚል ወረቀት ጽፎ ነበር፤ ጠባቂውንም በወረቀቱ ላይ በጣቱ አስፈርሞታል። እንግዲህ የሚፈልገው ማንም ሳይሞት፣ እርሱም ሳይዋረድ የዘመኑን ፍጻሜ ማየት ነው። የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ድልድዩ በሰው ላይ እንዳይደረመስ ይፈራል፤ እውነቱን ቢናገር ደግሞ «ፈራሚው አንተ ነህ» እንዳይባል ይፈራል። በሁለቱ ፍርሃቶች መካከል የራሱን መላ ፈጥሯል። እግረኛውን ያሳልፋል፤ ጋሪውን ግን ልዩ ልዩ ሰበብ እየፈለገ ይመልሳል። ዛሬ ቀረጡ ጨምሯል ይላል፤ ነገ መንገዱ ተበላሽቷል ይላል።

በመጀመሪያው ንድፍ ውስጥ የነበሩት ቊጣና ገንዘብ ወዳድነት አሁንም አሉ። ነገር ግን መነሻ አይደሉም፤ ከፍርሃቱ የመነጩ ናቸው። ተጫዋቾቹም ምስጢሩን የሚያገኙበት ቀዳዳ ይህ ነው። ገንዘብ የሚወድ ሰው የጠየቀውን ሲሰጡት ይቀበላል። ይህ ሰው ግን አሥር ብር ብሎ አሥር ሲቈጥሩለት ሃያ ይላል፤ ሃያ ሲሰጡት ሠላሳ ይላል። ከተጫዋቾቹ አንዱ «ይህ ሰው የሚፈልገው ብር አይደለም» ያለ ዕለት ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል።

ስምም ያስፈልገዋል። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» እንዲሉ ስም ሰውየውን ቤተሰብ ያለው ሰው ያደርገዋል። ጨዋታው በአማርኛ የሚካሄድ ከሆነ ልብ ወለዱ ዓለም የትም ይሁን የት ስሙን ከአማርኛ ማውጣት ብዙ ነገር ያቃልላል፤ ሰሚው ትርጉሙን ያለ አስተርጓሚ ያገኘዋልና። ጠባቂው አሻግሬ ይባል። እናቱ ይህን ስም ያወጣችለት ክፉ ዘመን ተሻግራ ስለ ነበረ ይሆናል፤ እርሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያሻግር ኖሮ በመጨረሻ አላሻግርም የሚል ሰው ሆነ።

ልማድ ይጨመርለት፤ ነገር ግን ሥራ የሚሠራ ልማድ ይሁን። አንድ ዓይና መሆኑ ለጥያቄው የሚያበረክተው የለም። በምትኩ፣ በድልድዩ ላይ ከባድ ነገር ባለፈ ቊጥር አሻግሬ የጀመረውን ቃል ከመካከሉ ቈርጦ ጆሮውን ወደ እንጨቱ ይጥላል። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ሽምግልና ይመስላቸዋል፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ይጠረጥራሉ።

የማያውቀውም ነገር መጻፍ አለበት። አሻግሬ ድልድዩ ስንት ኩንታል እንደሚችል አያውቅም። ምስለኔው ለጥገና የተመደበውን ገንዘብ ምን እንዳደረገውም አያውቅም። ሁሉን የሚያውቅ ተጫዋች አልባ ሰው የአጫዋቹ አፍ ነው፤ ተጫዋቾቹም ከእርሱ ጋር መነጋገራቸውን ትተው እንደ መዝገብ ያገላብጡታል።

በመጨረሻም ወሰኑ ይለይ። ቢያስፈራሩት የኬላውን እንጨት ያነሣል፤ በጋሪው ላይ ሰው ተቀምጦ ካየ ግን ከመንኰራኵሩ ፊት ይቆማል፤ ከዚያ ቦታም በዱላ አይነቃነቅም። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ብለው ጠላ ቢያጠጡት ስለ እንጨቱ ድምፅ ያወራል፤ ስለ ፊርማው ግን ሰክሮም አይናገርም። ስለ ፊርማው የሚናገረው አብሮት የሚመሰክር ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው።

ሙከራው

ንድፉ ከጨዋታው በፊት ሊፈተን ይችላል። ተጫዋቾች ወደ አንድ ሰው ሲመጡ ከሞላ ጎደል ሦስት ነገር ያደርጋሉ፤ ይከፍላሉ፣ ያስገድዳሉ ወይም ይጠይቃሉ። አጫዋቹ ለሦስቱም የሰውየውን መልስ ሳይጨነቅ ማግኘት ከቻለ ንድፉ ቆሟል። አሻግሬ ሲከፍሉት ዋጋ ያንራል፤ ሲያስገድዱት ከመንኰራኵሩ ፊት ይቆማል፤ ሲጠይቁት ይዋሻል፤ ውሸቱ ግን በየጊዜው ይለዋወጣል።

የ1974ቱ ሠንጠረዥም አሁን ትርጉም አገኘ። ዳይሱ 2 ከሰጠ አሻግሬ ደወሉን ደውሎ ወታደር ይጠራል። ከ3 እስከ 5 ከሆነ ቀረጡን እየጨመረ ያባርራቸዋል። ከ6 እስከ 8 ከሆነ «እስከ ነገ ጠዋት ቆዩ» ብሎ ጊዜ ይገዛል። ከ9 እስከ 11 ከሆነ ምክንያቱን ሳይናገር «ጋሪውን እዚህ ተዉት፤ እህሉን ጆንያ በጆንያ ተሸክማችሁ ተሻገሩ» ይላቸዋል። 12 ከሆነ ፋኖሱን አንሥቶ ከድልድዩ ሥር ይዟቸው ይወርዳል። ደንቡ ያው ነው፤ ዕድሉም ያው ነው። የተለወጠው ነገር እያንዳንዱ መስመር ከአንድ ሰው ልብ የሚወጣ መሆኑ ነው። «ማመንታት» የሚለው ያ ባዶ ቃል እንኳ አሁን ጊዜ የሚገዛ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ የማይወስደው ሽማግሌ ሆኗል።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ ሌላ መንገድ ይዘው ቢሄዱ አሻግሬ ምን ይሆናል? ጆን ሃርፐር በ2017 ባሳተመው «ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ» በተባለው ጨዋታ ለእንዲህ ያለው ነገር ክብ ተስሎ በአራት፣ በስድስት ወይም በስምንት ይከፈላል፤ ነገሩ በገፋ ቊጥር አንድ አንድ ክፍል ይጠቈራል፤ ክቡ ሲሞላ የተፈራው ይደርሳል። ለአሻግሬም ስድስት ክፍል ያለው ክብ ይሳልለት። ከባድ ዝናብ በጣለበት በየሌሊቱ አንድ ክፍል ይጠቈር። ስድስተኛው ሲጠቈር አግዳሚው ይሰበራል፤ በዚያች ሰዓት በድልድዩ ላይ የሚገኘው ማን እንደ ሆነ ዳይስ ይወስን። ተጫዋቾቹ ከወር በኋላ ቢመለሱ ኬላውን ባዶ ያገኙት ይሆናል። በዚህ መንገድ የተሠራ ሰው ማንም በማያየው ጊዜ እንኳ ይኖራል፤ ዓለሙም ተጫዋቾቹ ሲመጡ ብቻ የሚበራ መብራት አይሆንም።

የወንበሩ ጉዳይ

በሚገባ ያልተሠሩ ተጫዋች አልባ ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቀድሞ የተጠቀሰው የአጫዋቹ አፍ ነው። ሁለተኛው ከተጫዋቾቹ ሁሉ የበለጠ ብርቱ ሆኖ ሥራቸውን የሚነጥቃቸው ጀግና ነው። ሦስተኛው የጠየቁትን ሁሉ እሺ የሚል ገለባ ነው። ሦስቱም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ለራሳቸው የሚፈልጉት ነገር የላቸውም። የተሠሩት ሌላውን እንዲያገለግሉ ብቻ ነው።

መጠሪያቸው ራሱ የተሰጣቸው ከሌላቸው ነገር ነው፤ ተጫዋች የሌላቸው ተብለዋል። የጨዋታ ደራሲዎችም ይህን ጉድለት ከጊዜ ወደ ጊዜ ሲያስቡበት ቈይተዋል። ቪንሰንት ቤከር በ2010 ባወጣው «አፖካሊፕስ ወርልድ» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ለአጫዋቹ ከተሰጡት መመሪያዎች አንዱ ለሁሉም ስም እንዲሰጥና ሁሉንም እንደ ሰው እንዲይዝ ያዛል። ከ1974 ጀምሮ የተጻፉት ሠንጠረዦችና ዝርዝሮች ሁሉ የደከሙት በመሠረቱ ለዚህ ነበር።

ይህ ነገር ከጨዋታ ጠረጴዛ አልፎ የንድፍ ጠረጴዛንም ይነካል። በማንኛውም የሥራ ጥናት ውስጥ «ተጠቃሚ»፣ «የአካባቢው ሕዝብ»፣ «የቀን ሠራተኛ»፣ «ጥበቃ» የሚባሉ ሰዎች ይገኛሉ። ጥናቱ በሚዘጋጅበት ክፍል ውስጥ ወንበር የላቸውም፤ የሚናገርላቸው መሐንዲሱ ነው። መሐንዲሱም እንደ ጀማሪ አጫዋች ሁለቱን ስሕተቶች ሊሠራ ይችላል። ሰዎቹን ገለባ አድርጎ የታቀደላቸውን ሁሉ እሺ ይላሉ ብሎ ሊያስብ ይችላል። አለዚያም ብዙ ገጽ የሚሞላ ቊጥር ሰብስቦ ሲያበቃ ምን እንደሚፈሩ ሳይጠይቅ ሊቀር ይችላል። ቧንቧው በተዘረጋበት መንደር ሴቶች ወደ አሮጌው ምንጭ መመላለሳቸውን ባይተዉ ነገሩ «ግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ይጻፍ ይሆናል። ይህ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ «ቊጡ፣ ገንዘብ ወዳድ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። የተጻፈው ከውጭ የታየው ብቻ ነው፤ ከበስተኋላው ያለውን ለማግኘት አራቱን ጥያቄዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልብ ወለድ ሰውን መሥራት ሕያው ሰውን ማወቅን አይተካም፤ ሰውም እንደ አሻግሬ በአራት ጥያቄ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። ነገር ግን ጨዋታው አንድ ልማድ ያስተምራል። በኬላ ላይ የተቀመጠ ሰው በማይረባ ሰበብ ጋሪ ሲመልስ፣ የጠየቀውንም ሲሰጡት ዋጋውን ሲጨምር፣ ስስታም ነው ብሎ መዝገቡን ከመዝጋት በፊት ሰውየው የሚያውቀው ነገር ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ከዚያም ፋኖስ ይዞ ከድልድዩ ሥር መውረድና እንጨቱን በእጅ መዳሰስ ነው።